በሳንዱቅ የቀሩ የትግል ወረቀቶች፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። በአብዮቱ ዘመን በማኅበር፣ በተማሪዎች ንቅናቄ ወይም በኅቡዕ ድርጅት ውስጥ የታገሉ ወላጆችና ዘመዶች ወረቀት ትተው አልፈዋል፤ ቤተሰቡም ምን እንደሚያደርግበት ጨንቆታል። በዚህ እትም ዓምዱን ለዚሁ ሰጥተነዋል።

«አባታችን የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ነበር፤ በኋላም በኅቡዕ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። ካረፈ በኋላ አልጋው ሥር የነበረውን የብረት ሳጥን ስንከፍት ቃለ ጉባኤው፣ ደረሰኙ፣ በራሪ ወረቀቱ፣ የእናታችን ደብዳቤ፣ የእኛ የክትባት ካርድ ሳይቀር ተደባልቆ አገኘነው። እህቴ የቤተሰቡን ለብቻ፣ የድርጅቱን ለብቻ እያደረገች መለየት ጀምራለች። ብዙ ቦታ የያዙት ደረሰኞች ናቸው። እንጣላቸው?» — ከሽምብጥ

መለየቱን ዛሬውኑ አቁሙ፤ ደረሰኞቹንም አትጣሉ። ለእናንተ የተደባለቀ የመሰለው ነገር አባታችሁ ያስቀመጡት ነው። አንድ የመዋጮ ደረሰኝ በፍቅር ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ተጣጥፎ ከተገኘ፣ ፈታሽ እንዳያገኘው የተሸሸገ ሊሆን ይችላል። ከፖስታው አውጥታችሁ ከሌሎች ደረሰኞች ጋር ብታስሩት ያ ታሪክ እዚያው ይጠፋል። የወረቀቱ ባለቤት ያስቀመጠበት ቅደም ተከተል ራሱ ማስረጃ ነው። እህትዎ እስካሁን ያወጧቸው የት እንደነበሩ የሚያስታውሱትን ሁሉ ሳይረሱ ይጻፉ።

ከዚያ እንዲህ ቀጥሉ። የሳጥኑን ውስጥ ከላይ ፎቶ አንሱ፤ አንድ እስር ወይም አንድ ክምር ባነሳችሁ ቁጥር እንደገና አንሱ። እያንዳንዱ እስር በተነሣበት ተራ ቁጥሩን ያዘ ማለት ነው፤ ሣጥን 1 እስር 1፣ ሣጥን 1 እስር 2 እያላችሁ ቀጥሉ። ቁጥሩን የምትጽፉት በወረቀቱ ጀርባ፣ ታች ጥግ ላይ፣ ለስላሳ በሆነ 2ቢ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ነው። እስክሪብቶ ፈጽሞ አይነካውም። በአንድ ደብተር ላይ ቁጥሩን፣ የወረቀቱን ዓይነት፣ የገጹን ብዛት፣ የተጻፈበትን ቀን፣ ጸሐፊውንና ተቀባዩን፣ የደረሰበትንም ጉዳት መዝግቡ። «የግል» እና «የድርጅት» የሚለው ክፍፍል በዚህ ደብተር ላይ ብቻ ይሠራል፤ ወረቀቱ ራሱ ከቦታው አይነቃነቅም።

የዛገ ስፒልና ስቴፕለር ወረቀቱን ይበላዋል፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ የክረምቱ እርጥበት ዝገቱን ያፋጥነዋል። በጣት አትንቀሉት። ወረቀቱን ጀርባውን ገልብጣችሁ የስቴፕለሩን ሁለት እግሮች በቀጭን የምላጭ ጀርባ ቀና አድርጉ፤ ከዚያ ከፊት በኩል በቀስታ ሳቡት። የተነቀሉትን ገጾች አንድ ላይ ለመያዝ A4 ነጭ ወረቀት ለሁለት አጥፋችሁ እንደ ልብስ አልብሷቸው። የላስቲክ ማሰሪያ ሲያረጅ ይቀልጥና ይጣበቃል፤ በምትኩ ሁለት ጣት ስፋት ያለው የአቡጀዲ ቅዳጅ ይበቃል። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ላሚኔት ማስደረግ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ስለሚዋሐድ መመለሻ የለውም።

ስለ ደረሰኞቹ አንድ ነገር እንጨምር፤ በየቤቱ መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነውና። የኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) «ዴሞክራሲያ»ም ሆነ የመኢሶን (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በብዙ ቅጂ የተሠራጩ ልሳኖች ናቸው፤ እናንተ ዘንድ ያለው ቢጠፋ ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። የአንድ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠራተኞች በየወሩ ስንት ሳንቲም እንዳዋጡ የሚናገረው ጉርድ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ማን በየትኛው ወር መክፈል እንዳቆመ፣ ገንዘቡ ለታሳሪ ቤተሰብ ይሁን ለቀለምና ለስቴንስል (ለጽሑፍ ማባዣ የሰም ወረቀት) መግዣ እንደወጣ የሚታየው ከዚያ ነው። ንቅናቄ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረን መግለጫው ሳይሆን ይህ ብጣሽ ወረቀት ነው። ከአንድ በራሪ ወረቀት አሥር ቅጂ ካላችሁ ሁለቱን አስቀሩ፤ የቀሩትን ከማስወገዳችሁ በፊት ግን ጀርባውንና ኅዳጉን አንድ በአንድ ተመልከቱ፤ በእጅ የተጻፈበት ሁሉ ይቀመጣል።

«አጎቴ በ1969 ዓ.ም. አሰሳ ሲመጣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ በማድጋ ውስጥ የቀበረውን ወረቀት አሁን ቤት ስንሠራ አገኘነው። ረጥቧል፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ፀሐይ ላይ እናስጣው?» — ከጎርጎራ

ፀሐይ ላይ አያስጡት። ፀሐይ ወረቀቱን ያኮማትረዋል፤ ቀለሙንም ያነጣዋል። ጊዜ ግን የለዎትም፦ ከተዘጋ ቦታ የወጣ እርጥብ ወረቀት በ48 ሰዓት ውስጥ አዲስ ሻጋታ ያበቅላል።

በመጀመሪያ ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ የሻጋታ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ አስም ያለበት ሰው አይጠጋ። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍል ይምረጡ። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ አቡጀዲ ወይም ያልታተመበት ነጭ ወረቀት ያንጥፉ፤ ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ይጋባል። ክምሩን እንዳለ ያስቀምጡትና በራሱ የሚለያየውን ብቻ ያንሡ። የማይለያየውን አይጎትቱ፤ በየመሐሉ ነጭ ወረቀት እያስገቡ እርጥብ የሆነውን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ይቀይሩለት። ቬንትሌተር ካለ ወደ ግድግዳው ያዙሩት፤ አየሩ ይንቀሳቀስ እንጂ ወረቀቱ ላይ አይንፋ። ብዛቱ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ ደግሞ በትንንሽ እስር በፕላስቲክ ጠቅልለው ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት፤ ብርዱ ሻጋታውን ያቆመዋል፣ እርስዎም በየቀኑ አንድ አንድ እስር እያወጡ ያደርቃሉ። መብራት ለረጅም ሰዓት ሄዶ የቀለጠ እስር ካለ ግን መልሰው ሳያስገቡ ያንኑ ቀን ያድርቁት።

በእርጥብ ጨርቅ ለማጽዳት አይሞክሩ። በስቴንስል የተባዛ ጽሑፍ ቀለሙ ዘይትነት ስላለው ውኃ ብዙም አያሸንፈውም። የብልቃጥ ቀለም፣ የማኅተም ቀለምና ኮፒ የሚባለው እርሳስ ግን ውኃ ሲነካቸው ይፈስሳሉ፤ ኮፒ እርሳስ ሐምራዊ ሆኖ ገጹን በሙሉ ያጥለቀልቀዋል። የቃለ ጉባኤ ማኅተምና ፊርማ ብዙ ጊዜ በእነዚህ የተሠሩ ናቸው። ሻጋታው ፈጽሞ ሲደርቅና ዱቄት ሲሆን ከቤት ውጭ፣ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ከመሐል ወደ ዳር ይጥረጉት። የሚቀረው እድፍ አይለቅም፤ አያስጨንቅዎት።

ማድጋውንና የተጠቀለለበትን ፕላስቲክም ፎቶ ያንሱ፣ የተገኘበትን ቦታና ጥልቀት ይጻፉ። አቀባበሩም የወረቀቱ ታሪክ ነው።

«በደሴቶቹ ገዳማት ብራና ስንት መቶ ዓመት ቆይቷል። እኛም ወረቀቱን ጭስ ብናጥነው፣ ናፍታሊንና የባሕር ዛፍ ቅጠል ብንጨምርበትስ?» — ከዘጌ

ብራና ቆዳ ነው፤ የተጻፈበትም ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት የተሠራ ነው። የ1960ዎቹ የማባዣ ወረቀት ግን ከእንጨት የተሠራ ርካሽ ወረቀት ነው፤ በውስጡ ያለው አሲድ ከዓመት ዓመት ያቃጥለዋል፤ ጭስ ይህንን ያባብሰዋል። ከባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይቱ እየወጣ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ናፍታሊን መርዝነት አለው፣ የተደበቁ ነፍሳትንም አይጨርስም፤ ዲዲቲማ ጨርሶ አይታሰብ። ከገዳማቱ መውሰድ ያለብን አቀማመጡን ነው፦ መጽሐፉ በማኅደር ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ መሬት አይነካም፣ አየርም ያገኛል።

እንግዲህ ሣጥኑን ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ፣ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጉት። የጭቃ ቤት ከሆነ ከውጭ ግድግዳ ጋር ጨርሶ አታስጠጉት፤ ምስጥ የሚወጣው በዚያ ነው። የብረት ሣጥን አይጥና ምስጥ ይከላከላል፤ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ሲግል ሌሊት ሲበርድ ውስጡ ያልበዋልና ወረቀቱን በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ አስገቡት። ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ማስቀመጥ እርጥበቱን አብሮ መቋጠር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሣጥኑን በየሁለት ሳምንቱ ፈትሹት፤ ማናፈሱን ግን አየሩ ደረቅ ለሚሆንባቸው ለታኅሣሥና ለጥር ተዉት። ብል ወይም ሌላ ነፍሳት ያለበትን እስር በፕላስቲክ አሽጋችሁ ሁለት ሳምንት ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፤ ካወጣችሁትም በኋላ ለ24 ሰዓት አትክፈቱት፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

«ብዙዎቹ በራሪ ወረቀቶች ቀን የላቸውም። ቀን ያላቸውም ያምታታሉ። እንዴት በቅደም ተከተል እናድርጋቸው?» — ከባሕር ዳር፣ የታሪክ ተማሪ

ቀን ያለው ወረቀት ከሌለው የበለጠ ሊያሳስት ይችላል። ከውጭ አገር በተላከ ደብዳቤ ላይ «3/7/76» የሚል አገኙ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ መጋቢት 3 ቀን 1976 ነው። ጸሐፊው አውሮፓ ሆኖ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጻፈው ሰኔ 26 ቀን 1968 ይሆናል። አሜሪካ ሆኖ ወሩን ካስቀደመ ደግሞ የካቲት 28 ቀን 1968። በመጀመሪያውና በኋለኞቹ መካከል ስምንት ዓመት አለ፤ ቀይ ሽብር በሙሉ በዚያ መሐል አልፏል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ቀኑን እንደተጻፈ ይገልብጡ፤ የእርስዎን ትርጓሜ በቅንፍ ለብቻ ያስቀምጡ። ፖስታውን አይጣሉ፤ የቴምብሩ ማኅተም ብዙ ጊዜ ክርክሩን ይዘጋዋል።

ቀን ለሌለው ደግሞ ቃላቱን ያስመስክሩ። «ጎጃም ጠቅላይ ግዛት» የሚል ከአብዮቱ በፊት የተለመደ አጠራር ነው፤ «ክፍለ ሀገር» ከዚያ በኋላ የመጣ። «ገበሬ ማኅበር» ካለ የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣበት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ወዲህ ነው። የከተማ «ቀበሌ» ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ጋር የመጣ ስለሆነ ከሐምሌ 1967 አይቀድምም። ኢሕአፓ በስሙ ለሕዝብ የተገለጸው በነሐሴ 1967 ነው፤ ከዚያ በፊት የወጡት የዴሞክራሲያ እትሞች የፓርቲው ስም የለባቸውም። አገር አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር «ኢሠአማ» (የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር) ከተባለ ከ1969 በፊት፣ «መኢሠማ» (የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር) ከተባለ ከዚያ ወዲህ። «ኢሠፓአኮ» (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን) ከታኅሣሥ 1972፣ «ኢሠፓ» (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ከመስከረም 1977፣ «ኢሕዲሪ» (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ከመስከረም 1980 ወዲህ። እነዚህ የሚነግሩዎት «ከዚህ አይቀድምም» የሚለውን ብቻ መሆኑን ግን አይርሱ፤ ሰው የለመደውን አሮጌ ስም ለዓመታት ሊጠቀም ይችላል።

የጽሕፈት መኪናውንም ይመርምሩ። አንድ ፊደል እግሩ ተሰብሮ ወይም ከመስመር ወጥቶ በሁለት ወረቀቶች ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ ከታየ፣ ሁለቱም ከአንድ መኪና ሳይወጡ አልቀሩም፤ አንደኛው ቀን ካለው ሌላውን ያስጠጋዋል።

አንድ ተጨማሪ ችግር ፊደላችን ነው። አንዱ «ኢሕአፓ»፣ ሌላው «ኢህአፓ» ይጽፋል፤ ሠራተኛና ሰራተኛ፣ ፀሐፊና ጸሐፊ። ዝርዝሩን ኮምፒውተር ላይ ሲያስገቡ ለርእሱ ሁለት ዐምድ ያዘጋጁ፦ አንዱ እንደተጻፈው፣ ሌላው በአንድ ወጥ ሆሄ። ፍለጋው በሁለተኛው ይሁን፤ አለዚያ በእጅዎ ያለውን ወረቀት ራስዎ ያጡታል። የሰው ስም በራሱ ስም ይደረደራል፤ በአባት ስም አይደረደርም። የትግል ስም ካለ ለብቻው ዐምድ ይሰጠው።

«በወረቀቱ ውስጥ የአባላት ስም ዝርዝርና የምርመራ ቃል አለ። ቴሌግራም ላይ ብንለቀው ታሪክ ይወጣል ብለን አስበናል። ይፈቀዳል?» — ከባሕር ዳር

እባካችሁ አትልቀቁት። ዝርዝሩ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የሌሉትም ልጆች አሏቸው፤ አንዳንዶቹ ለቤተሰባቸው እንኳ ያልተናገሩት ነገር ነው። የምርመራ ቃል ደግሞ በግርፋት የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ «አጋለጠ» ተብሎ የተጻፈበት ሰው ምን እንደደረሰበት ወረቀቱ አይናገርም። ግለ ሂስም እንዲሁ ነው፤ ጸሐፊው የሚያምነውን ሳይሆን ከእሱ የሚጠበቀውን የጻፈበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ያለ ማብራሪያ አደባባይ ማውጣት በሰው ላይ ሁለተኛ ፍርድ መስጠት ነው።

በሕግም ቢሆን ወረቀቱን መያዝና ይዘቱን ማሳተም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለአባታችሁ የተላከው ደብዳቤ ወረቀቱ የእናንተ ነው፤ የጽሑፉ መብት ግን የላኪው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ይህ መብት ጸሐፊው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ምስጢራዊ ደብዳቤን ያለ ጸሐፊው ፈቃድ መግለጥን ይከለክላል።

መፍትሔው ማቃጠልም አይደለም። እነዚህን ሰነዶች ከነበሩበት ሳትነጥሉ በወፍራም ፖስታ አሽጉ፤ ላዩ ላይ ቁጥሩንና «እስከ ... ዓ.ም. የማይከፈት» የሚል ጻፉ። በዝርዝሩ ላይ «የአባላት ዝርዝር፣ 4 ገጽ፣ የተዘጋ» ብላችሁ መዝግቡ፤ ስሞቹን አትዘርዝሩ። ከስንቅ ዕቃ ጋር ከእስር ቤት የወጡ ብጣሽ ማስታወሻዎችም በዚሁ መንገድ ይያዙ፤ ቤተሰቡ ካለ መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ።

«በስልክ ፎቶ ካነሣነው በኋላ ዋናውን ማስወገድ እንችላለን?» — ከባሕር ዳር

አይቻልም። ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲያዝ የሚታየው የውኃ ምልክት፣ የእርሳሱ ጫና፣ የወረቀቱ ዓይነት በፎቶ አይመጣም፤ ፋይልም ይጠፋል። ግን ቅጂው ዋናውን ከመነካካት ያድነዋልና ሥሩት። ስካነር ካለ ለጽሑፍ 300 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መጠን)፣ ለፎቶግራፍና ለደቀቀ ጽሑፍ 600 ዲፒአይ፣ ሁልጊዜም በቀለም። አንድ A4 ገጽ በ300 ዲፒአይ ሳይጨመቅ በቲፍ የምስል ፋይል ሲቀመጥ 26 ሜጋ ባይት ያህል ነው፤ 2,000 ገጽ 52 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ ስለዚህ የ64 ጊጋ ፍላሽ አትመኑ፣ ሃርድ ዲስክ ግዙ። በስልክ ከሆነ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ አንሡ። ባዶውን ጀርባም አንሡ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ከባሕር ዳር ውጭ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ጥራቱ ስለሚቀንስ ቅጂ ነው ብላችሁ አትቁጠሩት።

«ለማን እንስጠው?» — ከሽምብጥ፣ በድጋሚ

ማኅበሩ ዛሬም ካለ ወይም የሚወርሰው ካለ፣ የቃለ ጉባኤ መዝገቡና ማኅተሙ የማኅበሩ ንብረት ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ እሱን አነጋግሩ። ከዚያ ውጭ በአገር አቀፍ ደረጃ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍትም ጠይቁ። ባለበት ከተማ መቅረቱ ጥሩ ነው፤ የአካባቢው ተማሪ ይደርስበታልና። እንዲህ ያለ ስብስብ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማየት የዲትሮይቱን የሠራተኛ ንቅናቄ ሰው ጆ ላባዲን አስቡ፦ ቤቱ ያጠራቀመውን ወረቀት በ1911 እ.ኤ.አ. ለሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ለዓመታት ማንም ሳይነካው ተቀመጠ፤ ከ1924 ጀምሮ አግነስ ኢንግሊስ የምትባል ሴት በፈቃደኝነት ገብታ እስክትሞት ድረስ፣ እስከ 1952፣ አደራጀችው። ዛሬ በዓለም ከታወቁት የአክራሪ ንቅናቄ ስብስቦች አንዱ ነው።

ስለዚህ ከማስረከባችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ማን ያደራጀዋል? በስንት ጊዜ? ስብስቡ በአባታችሁ ስም ሳይበተን ይቀመጣል? የተዘጋው ክፍል ይከበራል? ቤተሰቡ የማየትና ቅጂ የመውሰድ መብት አለው? የማይፈልጉትን ይመልሱላችኋል ወይስ ያስወግዱታል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ስጦታ ይሁን አደራ በግልጽ ይጻፍ፤ አደራ ከሆነ ባለቤትነቱ ከእናንተ አይወጣም። ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ፤ አንድ ወንድም ሳያውቅ የተሰጠ ስብስብ ከዓመታት በኋላ ክርክር ያመጣል። የሣጥኑ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ይሠራ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሁለቱም ወገን ይፈርም።

«ካሴትም አለ። ብናጫውተው ይበላሻል?» — ከባሕር ዳር

መጀመሪያ በትንሿ መስኮት አሻግራችሁ ጥቅሉን ተመልከቱ፤ ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነውና አታጫውቱት። ከሌለ ከላይ ጫፉ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ ያኔ በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። ቴፑን በእርሳስ ዞር ዞር አድርጋችሁ መላላቱን አጥብቁ፤ ማጫወቻውን በአልኮል በነካ ጥጥ አጽዱ፤ መጀመሪያም በሌላ የማያሳዝን ካሴት ሞክሩት። ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ብቻ አጫውታችሁ በዚያው ወደ ኮምፒውተር ቅዱት፤ በዌቭ ፋይል፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት። አንድ ሰዓት 1 ጊጋ ባይት ያህል ይወስዳል። የ120 ደቂቃ ካሴት ቴፑ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይጠመጠማል፤ እሱን ወደ ኋላም ወደ ፊትም በፍጥነት አታስኪዱት።